አሞርዛቶርና ስሜት፦ ራስን የመግዛት ትምህርት

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ወደ መርሳ በሚኒባስ የተጓዘ ተማሪ፣ ሳያውቀው አንድ የፊዚክስ ትምህርት ቀስሟል። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ሞላው ተጨምቆ ይመለሳል። አሞርዛቶሩ ያለቀ እንደሆነ መኪናው ጉድጓዱን ካለፈ በኋላም ደጋግሞ ይነጥራል። ደኅና ከሆነ ግን በውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያለፈ የንዝረቱን ጉልበት ወደ ሙቀት ስለሚለውጠው መኪናው ወዲያው ይረጋል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ አሞርዛቶር ጉድጓዱን አያጠፋም፤ ከመጠን በላይ የጠጠረ እንደሆነም ምቱን በቀጥታ ለተሳፋሪው ያስተላልፋል።

የሰው ስሜትም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። በአካባቢያችን ጉድጓዱ ጥልቅ ነበር፤ ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት ውስጥ ቆይታለች። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ዕጩ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ይጠብቃቸዋል። በወልድያም ሆነ በመርሳ ግቢ ብዙ ተማሪ ይህን ሁሉ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ሊያልፈው ይሞክራል።

ይሁን እንጂ ራስን መግዛት ማለት ስሜትን ማፈን አይደለም። ሪቻርድስና ግሮስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ ስሜታቸው በፊታቸው ላይ እንዳይነበብ የታገሉ ሰዎች ያዩትንና የሰሙትን በማስታወስ ረገድ አንሰው ተገኝተዋል። ራስን ለመቆጣጠር የሚባክነው ትኩረት ለትምህርቱ አይተርፍምና።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም በውጭ አገር የዶክትሬት ተማሪ ሳለ፣ በቃል ፈተና ላይ ጠንቅቆ የሚያውቀው ቀመር ጠፍቶበት ቆሟል። የጎደለው ዕውቀት ሳይሆን ድንጋጤን የማርገቢያ ስልት ነበር።

ታዲያ ስልቱ ምንድን ነው? አንደኛው መጻፍ ነው። ራሚሬዝና ቤይሎክ እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳሳዩት፣ ከፈተና በፊት ለ10 ደቂቃ ስለ ፈተናው ያላቸውን ሥጋት በወረቀት ላይ ያሰፈሩ ተጨናቂ ተማሪዎች የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። ሁለተኛው አተነፋፈስ ነው፤ አየርን በዝግታ፣ ከሳቡበት ጊዜ በረዘመ ጊዜ ማስወጣት የልብን ምት ያዘገያል።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርቶች ውስጥ ሥነ ልቦናና የሕይወት ክህሎት ተካትቷል። ተማሪዎች ሆይ፣ ይህን ትምህርት ለማርክ ብቻ አታጥኑት፤ እንደ ቤተ ሙከራ በየዕለቱ ተለማመዱበት። እንቅልፍ ማጣቱና ቅዠቱ ለሳምንታት ከዘለቀ ግን ልምምድ ብቻውን አይበቃም፤ ወደ ምክር አገልግሎት ወይም ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። የተሰበረ አሞርዛቶር ወደ ጋራዥ ቢገባ ማንም አያፍርበትምና።