የተባይ መርዝና ነርቫችን፤ ኪኒን ያድነናል ወይ?

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ነርቭና ስለ ተባይ መርዝ ነው። ሰው ማሳውን ረጭቶ ሲመለስ ራሱን ሊያመው፣ ሊያዞረው፣ ሊያቅለሸልሸው ይችላል። ታዲያ ከሱቅ የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ገዝቶ ይውጥና ይተኛል። ይህ ልማድ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። እንዴት? ቀስ ብለን እንየው።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። በቋንቋችን ነቀዝ የሚገድለውንም፣ በሽታ የሚያሽለውንም «መድኃኒት» እንላለን። ይህ ስም ያዘናጋል። የሚረጨው ነገር ሥራው መግደል ስለሆነ፣ እዚህ ጽሑፍ ላይ መርዝ እንለዋለን።

ነርቭ ከአንጎልና ከአከርካሪ ተነሥቶ ወደ ሰውነት ሁሉ የሚዘረጋ ቀጭን ክር ነው። እጃችሁን ልታነሡ ስታስቡ ትእዛዙ በነርቭ ይሄዳል። ነርቩ ጡንቻው ዘንድ ሲደርስ አሴቲልኮሊን የሚባል ቅመም ጠብ ያደርጋል። ጡንቻው ይህን ሲያገኝ ይኮማተራል። ወዲያው ኮሊንኤስተሬዝ የሚባል ሌላ ቅመም ያንን ያጠፋዋል፤ ጡንቻውም ያርፋል።

በመስኖ እንመስለው። አንዱ ሰው ቦዩን ይከፍታል፣ ውሃው ማሳው ይገባል። ሌላው ሰው ደግሞ በቃ ሲል ቦዩን ይዘጋል። የሚዘጋው ሰው እጁ ቢታሰርስ? ማሳው በውሃ ይጥለቀለቃል። ማላታዮን፣ ዳያዚኖንና ክሎርፓይሪፎስ የሚባሉት መርዞች የሚሠሩት ይህንኑ ነው፤ የዘጊውን እጅ ያስራሉ። ተምች የሚሞተው በዚህ ነው። የእኛም ነርቭ በዚህ በኩል ከተምች አይለይም።

እንዲህ የተመረዘ ሰው ያልበዋል፣ ለሐጩ ይዝረበረባል፣ እንባው ይፈሳል። የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠብባል። ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፤ ጡንቻው ይንቀጠቀጣል። ደረቱ በአክታ ይሞላና ትንፋሽ ያጥረዋል። የሚገድለውም ይኸው የትንፋሽ ማጠር ነው።

ሌላም ቀስ ብሎ የሚመጣ ጉዳት አለ። ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለ፤ ከአንዳንድ ተክሎች ሥር የሚወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ይህን መርዝ ለአይጦች በትንሽ በትንሹ፣ ለሳምንታት ሰጧቸው። አይጦቹ እንቅስቃሴያቸው ዘገየ፣ ሰውነታቸው ደረቀ። በሰው ላይ ፓርኪንሰን ከሚባለው፣ እጅ ከሚያንቀጠቅጠውና እርምጃ ከሚያስረው በሽታ ጋር የሚመሳሰል ነበር። አንጎላቸው ሲታይ ዶፓሚን የሚባለውን ቅመም የሚሠሩት የነርቭ ሴሎች ሞተው ተገኙ።

እሾህ ሲወጋችሁ ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል። ቁስሉ ተቆጣ እንላለን። አንጎልም ይቆጣል። በውስጡ ማይክሮግሊያ የሚባሉ ዘበኛ ሴሎች አሉ። ጠላት ሲመጣ ይነሣሉ። ነገር ግን ጦጣ ሲያባርር ሰብሉን እንደሚረግጥ ልጅ፣ እነርሱም ሲበዙ ጤነኛውን ነርቭ ይጎዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት ዘበኞቹ ካሉበት ዘንድ የሮቴኖን ጉዳት በጣም እንደሚብስ አሳይቷል።

እንግዲህ ሰዎች ጠየቁ፤ መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት ነርቩን ያድን ይሆን? በላቦራቶሪ እንስሳት ላይ በተደረጉ አንዳንድ ሙከራዎች የሚሞቱት ሴሎች ቁጥር ቀንሷል። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ከ136 ሺህ በላይ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት ወጣ። አይቡፕሮፌን አዘውትረው የሚወስዱት በፓርኪንሰን የመያዝ ዕድላቸው ከማይወስዱት ከመቶ 38 ያህል አንሶ ተገኘ። አስፕሪን የሚወስዱት ግን ልዩነት አላሳዩም።

ደስ የሚል ወሬ ነው፤ ግን ልብ በሉ። ኪኒኑ ነው ያዳናቸው ወይስ ሌላ ነገር? እንዲህ ያለው ጥናት ይህን አይለይም። ጥናቱ መርዝ ስለረጩ ገበሬዎችም አልነበረም። አይቡፕሮፌን ሲዘወተር ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊት ይጎዳል። ከሁሉ በላይ ግን የታሰረውን የዘጊውን እጅ አይፈታም። ራስ ምታቱን ብቻ ያደነዝዛል። ሰውየው ተሻለኝ ብሎ ይተኛል፤ መርዙ ግን ካልተቀየረ ልብሱና ካልታጠበ ቆዳው ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ይሰርጋል። ወተትም ቢሆን ይህን መርዝ አያከሽፍም።

ለዚህ መርዝ የሚሰጠው አትሮፒን የሚባል መርፌ ነው። እርሱም ቦዩን ባይዘጋ የማሳውን መግቢያ ይደፍናል፤ አክታው ይደርቃል፣ ትንፋሽ ይከፈታል። የሚሰጠው በጤና ባለሙያ እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው ሲመረዝ ከማሳው አውጡት። ልብሱን አውልቁ፤ እናንተም እንዳይነካችሁ እጃችሁን በላስቲክ ሸፍኑ። ገላውን በብዙ ውሃና በሳሙና እጠቡት። ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኙት። በግድ እንዲያስመልስ አታድርጉ። ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ!

ስትሄዱ የመርዙን ጠርሙስ ወይም ቆርቆሮ ክዳኑን አጥብቃችሁ ያዙ። ላዩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ የመርዙን ስም ይናገራል። ትናንት ፊደል ስትቆጥሩ የነበራችሁ ዛሬ ማ-ላ-ታ-ዮ-ን ብላችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። በላቲን ፊደል ብቻ ከተጻፈ ሳትልጡት እንዳለ አድርሱት፤ ለባለሙያው መርፌውን የሚመርጥበት እርሱ ነው።