አዲስ ውሻ በደቻቱ ዳር

አንባቢ ሆይ፤ ድሬዳዋ ላይ ውሻ ያስጠጋ ተማሪ አስቀድሞ ደቻቱን ይወቅ። አሸዋው አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ስለ ሆነ ውሻ ለማሰር የተመቸ ይመስላል። ነገር ግን ዝናቡ በስተደቡብ ባለው ደጋ ላይ ከጣለ፣ የከተማው ሰማይ ጠርቶ ሳለ እንኳ ጎርፍ ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰዎች ገድሏል።

ስለዚህ በክረምት ሌሊት ውሻውን በሰንሰለት አትሰሩት፤ በተዘጋ ግቢ ልቀቁት። አዲስ ውሻ ግን ሲደነግጥ ወደ ቀድሞ ሰፈሩ ሊሮጥ ይችላል። መድኃኒቱ ልማድ ነው፤ ይኸውም አንድ ሰው በተወሰነ ሰዓት፣ ስሙን እየጠራ ያብላው። (የእኔው እንደ ሰፈሩ ውሻ ሁሉ ቦቢ ነው።) በጭንቅ ጊዜም የሚያውቀውን ድምፅ ሰምቶ ይመጣል።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሳይከተብ ከልጆች ጋር አታገናኙት። ምናልባት ቢነክስ ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥቦ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።