ከትንንሽ ምስሎች አሮጌ ቀለምን ስለ ማስለቀቅ

በሰቆጣም ሆነ በዝቋላ ገበያ፥ ቀለሙ የተላላጠ ትንሽ ምስል ዋጋው ይቀንሳል። አሮጌውን ቀለም አስለቅቆ እንደገና ለመቀባት የሚፈልግ ባለሱቅ ግን፥ አስቀድሞ ዕቃው ከምን እንደ ተሠራ መለየት ይገባዋል። አሴቶን ብረታ ብረትን አይጎዳም፤ ብዙውን ፕላስቲክ ግን ያቀልጣል። ኮስቲክ ሶዳም አሉሚኒየምንና ዚንክን ይበላል። ስለዚህ ፕላስቲኩን በማይታይ ጎኑ ከሞከሩ በኋላ፥ በአልኮል አርሶ በለስላሳ ብሩሽ ማሸት ይሻላል። አሴቶንና አልኮል በቶሎ ይቀጣጠላሉና፥ ሥራው ከእሳት ርቆ ነፋስ በሚገባበት ስፍራ ይሁን።

ከሁሉ በላይ አሮጌ ቀለም እርሳስ የተባለውን ማዕድን ሊይዝ ስለሚችል፥ በደረቁ መፋቅ አይገባም፤ ብናኙ ሕፃናትን ይመርዛል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል። እንግዲህ አዲሱን ቀለም የሚያስመጣውም ሆነ የሚቸረችረው ነጋዴ፥ ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት ይህን ያረጋግጥ።