ለደንበኛ የሚቀርብ ፕሮፖዛል እንዴት ይጻፋል?

ዛሬ ከተማሪዎች መካከል የነጋዴዎችን የፌስቡክ፣ የቴሌግራምና የቲክቶክ ገጽ እያስተዳደሩ ለትምህርታቸው የሚረዳቸውን ገንዘብ የሚያገኙ አሉ። ሥራው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ቅሬታ የሚነሣው ሥራው ከመጀመሩ አስቀድሞ በቀረበው ፕሮፖዛል ምክንያት ነው። ነጋዴው «ሽያጬ ይጨምራል» ብሎ ይጠብቃል፤ ወጣቱ ደግሞ «በወር ይህን ያህል ፎቶግራፍ ባወጣ ይበቃል» ብሎ ያስባል። ሁለቱም ያሰቡትን በወረቀት ስላላሰፈሩት በወሩ መጨረሻ ይኰራረፋሉ። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። እንግዲህ ፕሮፖዛል የሚፈጸም ቃል እንጂ ራስን ማሞገሻ ወረቀት አለመሆኑን በምሳሌ ለማስረዳት እንሞክራለን።

በሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ የሚሸጡ አንዲት ወይዘሮ ደንበኛችን ሊሆኑ ነው እንበል።

1ኛ/ ጉዳያቸውን ማወቅ። ከመጻፋችን በፊት እንጠይቃቸው። ልብሱን የሚገዙት እነማን ናቸው? ገበያው የሚደራው መቼ ነው? ዋጋ ጠይቀው ሳይገዙ የሚቀሩት ለምንድን ነው? ገበያቸው የሚደራው ለገና፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ እንደ ሆነ፣ ማስታወቂያው በዓሉ ከመድረሱ ብዙ ሳምንታት አስቀድሞ መጀመር አለበት፤ ሸማኔውም ጥልፍ ሠሪውም ጊዜ ይፈልጋሉና። ገዢዎቹ በዋሽንግተን ወይም በዱባይ የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ የመላኪያው ጊዜ ይታሰባል። ይህን በፕሮፖዛሉ መጀመሪያ በ5 ወይም በ6 መስመር ብናሰፍረው፣ ወይዘሮዋ ጉዳያቸውን እንደ ተረዳንላቸው ያያሉ።

2ኛ/ ሥራውን በሚቈጠር ነገር መግለጽ። «ገጽዎን እናሳድጋለን» የሚለው ቃል ምንም አያስጨብጥም። «በወር 12 ፎቶግራፍ ከነመግለጫው፣ 4 አጫጭር ቪዲዮ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በሥራ ሰዓት ለሚመጣ ጥያቄ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ መልስ» የሚለው ግን ይቈጠራል። ፎቶግራፉን የሚያነሣው፣ ዋጋውን የሚወስነው፣ ከመውጣቱም በፊት አይቶ የሚፈቅደው ማን እንደ ሆነ ጭምር ይጻፍ።

3ኛ/ የማይቻለውን ቃል አለመግባት። ብዙዎች ሥራውን ለማግኘት ሲሉ «በአንድ ወር 10,000 ተከታይ እናመጣለን» ይላሉ። ተከታይ በገንዘብ ሊገዛ ይችላል፤ የተገዛ ተከታይ ግን ቀሚስ አይገዛም፤ ፌስቡክም የሐሰት ገጾችን እየለየ ይዘጋል። እኛ ልንዋዋል የምንችለው በድካማችን ነው፤ የገዢው ፈቃድ በእጃችን አይደለም። ስለዚህ መለኪያችን ዋጋ የጠየቁትና ከእነርሱም ያዘዙት ሰዎች ብዛት ይሁን። ሥራው ሳይጀመር የነበረውን የአንድ ወር ቍጥር አስቀድመን ብንመዘግብ፣ በኋላ ለማነጻጸር ያመቻል።

4ኛ/ ዋጋውን ለይቶ መጻፍ። የድካማችን ዋጋና ለማስታወቂያ የሚከፈለው ገንዘብ በአንድ ድምር መቀላቀል የለባቸውም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ በዶላር የሚከፈል ማስታወቂያ በብር የሚያወጣው ዋጋ እንደ ጊዜው ይለዋወጣል። እንደዚሁም ዋጋው የሚጸናበት ቀን ይወሰን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የመቀበያ ጊዜ ወስኖ ሐሳብ ያቀረበ ሰው ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ በሐሳቡ እንደሚገደድ ይደነግጋልና፣ ቀኑን በጥንቃቄ እንጻፍ።

5ኛ/ የገጹን ባለቤትነትና ያልታሰበውን ነገር ማመልከት። ገጹ የወይዘሮዋ ነው። የፌስቡክ ገጽም ሆነ የቴሌግራም ቻናል ባለቤት የራሱን የይለፍ ቃል ሳይሰጥ ሌላ ሰው አስተዳዳሪ ሊያደርግ ይችላል፤ እኛም የምንሠራው በዚህ ሥልጣን ብቻ ይሁን። ስንለያይ ሥልጣኑ ይነሣል፤ ፎቶግራፎቹ ለእርሳቸው ይቀራሉ። ደግሞም ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው እንደ ነበር አንርሳ። እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ ክፍያው ይቀነሳል ወይስ ሥራው ወደ ሌላ ጊዜ ይተላለፋል? መልሱ በፕሮፖዛሉ ውስጥ ይኑር።

ይህ ሁሉ ከ2 ገጽ ባይበልጥ መልካም ነው። ደንበኛው በሚያውቀው ቋንቋ ይጻፍ፤ ከመፈረሙም በፊት አብረን እናንብበው። ያልገባው ሰው ፊርማ ኋላ ለክርክር እንጂ ለመተማመን አይረዳም።

በመጨረሻም አንድ ነገር እናሳስባለን። አንድ ተማሪ የማይፈጽመውን ቃል ሰጥቶ ሲገኝ፣ የሚጐዳው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ ቀጥሎ ለሚመጣው ተማሪ የዚያ ሱቅ በር ይዘጋበታል። ትንሽ ተናግሮ ያንኑ የፈጸመ ግን ለራሱም ለጓደኞቹም ሥራ ያስገኛል።