ጓሳ፦ ተዘግቶ የኖረ የመንዝ ተራራ

ዛሬ የምናነበው ስለ አንድ ቀዝቃዛ ደጋ ነው። ስሙ ጓሳ ይባላል። የሚገኘው በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ቁጥር ግልጽ ካልሆነላችሁ በጋሻ እናስላው። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር 10,000 ሄክታር ነው። 1 ጋሻ 40 ሄክታር ነው። ስለዚህ ጓሳ 250 ጋሻ ያህል ይሆናል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ መሬት ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ተዘርግቷል። ዛፍ እምብዛም የለበትም። ኮረብታው፣ ሜዳው፣ ረግረጉ በሣርና በቁጥቋጦ የተሸፈነ ነው። አስታና ጅባራ ይበቅልበታል። ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ጧት ጉም ይለብሳል። መንገደኛ ቢያየው «ይኼ ባዶ መሬት ነው» ይል ይሆናል። የመንዝ ገበሬ ግን እንዲህ አይልም።

መሬቱ ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። የጓሳ ሣር ረጅም ነው፤ ጠንካራ ነው፤ ችምችም ብሎ ይበቅላል። ቤት ይከደንበታል። ገመድ ይገመድበታል። እረኛው ዝናብ የሚከለልበት ገሳ ከዚሁ ሣር ይሠራል። መጥረጊያውም ከዚሁ ነው። በድርቅ ዓመት ታች ያለው ግጦሽ ሲያልቅ ከብቱና በጉ ወደ ጓሳ ይወጣል። ስለዚህ ጓሳ ለአካባቢው ሰው እንደ ጎተራ ነው ቢባል ትክክል ነው። ጎተራው የያዘው እህል ሳይሆን ሣር ነው።

ውሃውንም አንርሳ። ዝናብ በተራቆተ ተዳፋት ላይ ሲወርድ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል። በጓሳ ላይ ሲወርድ ግን ሣሩ ይቀበለዋል። ረግረጉም ጥጥ ውሃ እንደሚይዝ ይይዘዋል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ምንጭ ይለቀዋል። በምሥራቅ በኩል የሚወርደው ውሃ ወደ አዋሽ፣ በምዕራብ በኩል የሚወርደው ወደ ዓባይ ይሄዳል። ሣሩ ቢጠፋ ታች ያለው ምንጭም ይደክማል።

ታዲያ ይህን ያህል ሰው የሚፈልገው ሣር እንዴት ሳያልቅ ቆየ?

መልሱ ቀሮ የተባለው የጥበቃ ሥርዓት ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት እንደ ተጀመረ ይነገራል። አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አባቶች መሬቱን አቀኑ፤ ልጆቻቸውም በጋራ ይጠቀሙበት ጀመር። ተጠቃሚዎቹ በየደብራቸው ተደራጅተው አለቃ ይመርጡ ነበር። ጓሳ ለ3 ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ 5 ዓመት ይዘጋል። በዚያ ጊዜ ማንም አያጭድም፤ ማንም ከብት አያሰማራም። ሣሩ ሲደርስና የሰዉ ችግር ሲታይ፣ አለቃው የሚከፈትበትን ቀን ያስነግራል። ቀኑ በበጋ ይሆናል፤ የካቲት አካባቢ። በመጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል። ቀጥሎ ከብት ይገባል። ክረምቱ ሲገባ እንደገና ይዘጋል።

በበጋ መታጨዱ በዘፈቀደ አይደለም። በዚያን ጊዜ ሣሩ አብቦ ዘሩን አፍስሷል። ሲታጨድ የሚሄደው ደረቁ አገዳ ነው፤ ሥሩ ይቀራል። ገና ለጋ ሳለ ደጋግመው ቢያጭዱት ግን ሥሩ ይደክማል፤ ዘርም አይጥልም።

አንድ ሰው በስርቆት አንድ ሸክም ቢያጭድስ? እውነት ለመናገር በአንድ ሸክም ጓሳ አያልቅም። ጉዳቱ ሌላ ነው። ጎረቤቱ አይቶታል። «እሱ ካጨደ እኔስ ምን አግዶኝ?» ይላል። ሦስተኛው ሁለቱን ያያል። በዓመቱ ጠባቂ የሚሆን ሰው አይገኝም። ቅጣቱ ከባድ የነበረው ለዚህ ነው። ደግሞም የጓሳ ሌባ መደበቅ ይቸግረዋል። አዲስ የተከደነ ጣራ ከሩቅ ይታያል እኮ!

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ። በአዋጁ የዘር ርስት ቀረ። ከአስቦና ከጌራ ዘር ያልሆነው ሰው ከዚያ በፊት በጓሳ ላይ መብት አልነበረውም። አሁን መብት አገኘ። ይህ ፍትሕ ነው። ነገር ግን ከርስቱ ጋር የጥበቃው ሥርዓትም ፈረሰ። ጓሳ የሁሉም ሆነና ጠባቂ አጣ። ሣሩ ያለ ወቅቱ ይታጨድ ጀመር፤ ዳር ዳሩም ታረሰ። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ነገር እውነት ነው፤ አንዱን ብቻ መናገር አይበቃም።

ከዚያ በኋላ የዙሪያው ገበሬዎች መከሩ። ከየገበሬ ማኅበሩ ተወካይ መርጠው የጓሳ ኮሚቴ አቋቋሙ። የድሮውን የመክፈትና የመዝጋት ደንብ መለሱ፤ የዘሩን ልዩነት ግን አልመለሱም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2012 የአማራ ክልል ጓሳን በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ቦታ አድርጎ በሕግ አጸደቀው። ጠባቂዎቹ የአካባቢው ልጆች ናቸው።

በሣሩ ውስጥ የሚኖሩትንም እንይ። ጭላዳ ዝንጀሮ አለ፤ ምግቡ ሣር ነው። ቀይ ቀበሮም አለ፤ ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። በአገሪቱ ያሉት አዋቂዎቹ ተቆጥረው 500 አይሞሉም። በጓሳ የተደረገና በፈረንጆች 2015 የታተመ ጥናት አንድ የሚያስገርም ነገር አሳይቷል። ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከ100 ሙከራ 67ቱ ይሳካለታል። ብቻውን ሲያድን የሚሳካለት 25ቱ ብቻ ነው። ጭላዳዎቹም አይሸሹትም።

ቀበሮው አልፎ አልፎ ግልገል ይወስዳል፤ ባለበጉ ቢናደድ አይፈረድበትም። ግን አይጡን የሚቀንስለትም እሱ ነው። ቀበሮውን የሚጨርሰው በዋናነት ከውሻ የሚጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ይህ በሽታ ሰውንም ይገድላል። ስለዚህ ውሻን ማስከተብ ለልጅም ለቀበሮም ይጠቅማል።

ዛሬም በጓሳ ላይ ክርክር አለ። የወጣቱ ቁጥር ጨምሯል፤ የእርሻው ይዞታ ጠቧል። «ይህን ያህል መሬት ለሣር ለምን ይቀመጣል? ገብስ አይዘራበትም?» የሚል አይጠፋም። ሽማግሌዎቹ ስለ ውርጩና ስለ ምንጩ ይመልሱለታል። ወጣቱም ርሃቡን ይነግራቸዋል። ነገሩ በኮሚቴው ስብሰባ ላይ ይነሳል።

ለንባብ ቡድኑ፦ በእናንተ ቀበሌ በጋራ የሚዘጋ ግጦሽ አለ? ስንት ጋሻ ነው? በየትኛው ወር ይከፈታል? ቀኑን የሚወስነው ማን ነው? መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ።