የንግድ ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፤ ለባለሱቅ ያለው ጥቅም

ንግድ በልምድ ብቻ የሚካሄድ ሥራ ነው የሚለው አሳብ በብዙዎች ዘንድ የቆየ ነው። ልምድ ዕቃ መለየትን፣ ደንበኛ ማክበርንና የገበያን ጠባይ ማወቅን እንደሚያስተምር አይካድም። ነገር ግን ዋና ገንዘብ ሳይታወቅ እንዴት እንደሚያልቅ ገልጦ የሚያሳየው ትምህርት ነው።

የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1943 ከተቋቋመ ወዲህ፣ መዝገብ አያያዝና የጸሐፊነት ሥራ የተማሩ ወጣቶች በየባንኩ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየንግድ ቤቱ አገልግለዋል። ዛሬም ኤኮኖሚክስ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይሰጣል። ተማሪው ስለ አቅርቦትና ፍላጎት፣ ስለ ዋጋ ንረትና ስለ ውጭ ምንዛሪ ይማራል። የሚያሳዝነው ግን ይህ ዕውቀት ከደብተር ወጥቶ ወደ አባት ሱቅ ሳይገባ መቅረቱ ነው።

ለምሳሌ ያህል በደቡብ ወሎ፣ በከላላ ሱቅ ያለው አንድ ነጋዴ ይታሰብ። ከደሴ 100 ካርቶን ሳሙና፣ አንዱን በ1,000 ብር ገዝቶ በ1,150 ብር ሸጠ። በእርሱ አሳብ ትርፉ 15,000 ብር ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጁ ግን መዝገብ ይዛ ወጪውን እንደሚከተለው ጻፈች፦

ማጓጓዣ 4,000 ብር፤
ጫኝና አውራጅ 2,000 ብር፤
የሱቅ ኪራይ 3,000 ብር፤
ሳይመለስ የቀረ ዱቤ 2,000 ብር፤
ድምር 11,000 ብር።

እንግዲህ ከ115,000 ብር ውስጥ በእጅ የቀረው 104,000፣ እውነተኛው ትርፍም 4,000 ብር ብቻ ሆነ። ነጋዴው እንደገና ደሴ ሲወርድ የአንዱ ካርቶን ዋጋ 1,100 ብር ደርሶ ቢያገኘው፣ በገንዘቡ የሚገዛው 94 ካርቶን ነው። በመዝገብ አተረፈ፤ በመደርደሪያው ላይ ግን ስድስት ካርቶን ጎደለ። ወጪው ሳይለወጥ 100 ካርቶን መልሶ ለመግዛት አንዱን በ1,210 ብር መሸጥ ነበረበት። ገበያው ይህን ዋጋ የማይቀበል ከሆነ ደግሞ፣ ዱቤን መቀነስ ወይም ከሌሎች ጋር አብሮ በመጫን ማጓጓዣን ማቃለል ይገባዋል።

ይህ ነገር ከሩቅ የመጣ ምሳሌ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። የአስመጪው ወጪ ሲጨምር በደጋው አገር ያለው ቸርቻሪም መንካቱ አይቀርም። ገበሬው እህሉን እስኪሸጥ ድረስ በዱቤ የሚሰጥ ባለሱቅማ ጉዳቱ እጥፍ ነው፤ ገንዘቡ ሲመለስለት የመግዛት ኃይሉ ቀንሷልና።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ አዝዞ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ ሕግም ይህንኑ ግዴታ አጽንቷል። ስለዚህ ነጋዴ ሁሉ ከሚከተሉት ሦስት ነገሮች ቢጀምር ይጠቀማል፦

1ኛ/ የዕለቱን ሽያጭ፣ ወጪና ዱቤ በየማታው መጻፍ፤
2ኛ/ ለቤት የሚወጣውን ገንዘብ ከሱቁ ሒሳብ መለየት፤
3ኛ/ ዋጋ ሲተምን ዕቃው የተገዛበትን ብቻ ሳይሆን ተመልሶ የሚገዛበትንም ማሰብ።

ልጁን የሚያስተምር ነጋዴ በክረምት ዕረፍት መዝገቡን ሊያስረክበው ይገባል። «የተማረ ይግደለኝ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ የተማረው መዝገብ ይያዝ።