የእግር ኳስ ቡድናችንና የ1954ቱ ዋንጫ

በገጠር ልጆች ጨርቅ ጠቅልለው፣ በገመድ አስረው ኳስ ይሠራሉ። ሁለት ድንጋይ አስቀምጠው «ይህ ግብ ነው» ይላሉ። ይህን ጨዋታ ሁላችንም አይተናል፤ ብዙዎቻችንም ተጫውተናል። በዚህ ትምህርት አገራችንን ወክሎ ከሌሎች አገሮች ጋር ስለሚጋጠመው የኢትዮጵያ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን እናነባለን። ዓመቶቹን የጻፍነው በእኛ አቆጣጠር ነው።

ሽንፈቱ

በ1949 ዓ.ም. ሱዳን፣ ግብፅ፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ካርቱም ላይ ተሰብስበው የአፍሪካን የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን አቋቋሙ። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውድድርም እዚያው ተደረገ። በዚያን ጊዜ ደቡብ አፍሪካን የሚገዙት ነጮች ነበሩ። እነሱም ነጭና ጥቁር አንድ ላይ የሚሰለፍበት ቡድን አንልክም ስላሉ ከውድድሩ ቀሩ። በዚህ ምክንያት ቡድናችን ሳይጫወት ለፍጻሜ አለፈ። በፍጻሜው ግን ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን።

በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ደግሞ ሦስት ቡድኖች ተገናኙ። ግብፅ አሁንም 4 ለ 0 አሸነፈችን። ሱዳንም 1 ለ 0 ረታችን። ሦስተኛ ሆነን ተመለስን።

እስቲ እንቁጠር። በ3 ጨዋታ የገባብን 9 ግብ ነው። እኛ ያገባነው ግን አንድም የለም። እንዲህ ሲሆን ሰው ምን ያደርጋል? አንዱ ገበሬ «ዕድሌ ነው» ብሎ ሞፈሩን ይሰቅላል። ሌላው ግን ዘሩን መርጦ፣ ማሳውን ደግሞ አርሶ የሚመጣውን ክረምት ይጠብቃል። ቡድናችን የሁለተኛውን ገበሬ መንገድ ያዘ።

ድሉ

ሦስተኛው ውድድር በጥር ወር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተደረገ። አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ተጫዋቾቹ ከአዲስ አበባ፣ ከድሬዳዋና ከአሥመራ የተሰበሰቡ ናቸው። ዛሬ የኤርትራ ዋና ከተማ የሆነችው አሥመራ በዚያን ጊዜ ከኢትዮጵያ ጋር ነበረች። አምበሉ፣ ማለት የተጫዋቾቹ አለቃ፣ ሉቻኖ ቫሳሎ ይባላል። ወንድሙ ኢታሎም አብሮት ይጫወት ነበር። ሁለቱም የአሥመራ ልጆች ናቸው፤ አባታቸው ጣሊያናዊ፣ እናታቸው ኤርትራዊት። ደቡብ አፍሪካ ቀለም ለይታ ከውድድር ስትቀር፣ የእኛ ቡድን የተለያየ ትውልድ ያላቸውን ልጆች አንድ ማልያ አልብሶ አሰለፈ።

ቡድናችን በመጀመሪያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈ። ከዚያም ጥር 13 ቀን፣ እሑድ፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ለፍጻሜ ከግብፅ ጋር ተጋጠመ። ሁለት ጊዜ 4 ለ 0 ካሸነፈን ቡድን ጋር ማለት ነው።

መጀመሪያ ግብፅ አገባች። ግርማ ተክሌ አስተካከለ። ግብፅ ወዲያው ሌላ ጨመረች። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ቡድናችን አገባና 2 ለ 2 ሆነ። 90 ደቂቃው አልቆ 30 ደቂቃ ተጨመረ። በተጨመረው ሰዓት ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። ኢትዮጵያ 4፣ ግብፅ 2! ሉቻኖም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ከድሉ በኋላ

አቶ ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. እስከ ዕረፍታቸው እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካን እግር ኳስ በፕሬዚዳንትነት መሩ። የዘር መድልዎን በብርቱ የተቃወሙ ሰው ነበሩ።

ቡድኑስ? እውነቱን መናገር ይገባናል። በ1960 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው ውድድር አራተኛ ወጣ። በ1968 ዓ.ም. አሁንም በአገራችን ተደርጎ ከመጀመሪያው ዙር አላለፈም። የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ በ1980፣ በ1994፣ በ1997 እና በ1998 ዓ.ም. ወስዷል። በአፍሪካ ዋንጫ ግን ከ1974 ዓ.ም. በኋላ 31 ዓመት ሙሉ ሳይታይ ቀረ። በ2005 ዓ.ም. በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው መሪነት ሲመለስ ውድድሩ የተደረገው በደቡብ አፍሪካ ነበር። የቀለም አገዛዙ ያን ጊዜ ወድቋል። ቡድናችን የቀድሞዋን ባለ ዋንጫ ዛምቢያን 1 ለ 1 ቢለያይም ከምድቡ አላለፈም።

በዚያው ዓመት በሰኔ ወር አንድ ትምህርት የሚሆን ነገር ደረሰ። ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቡድናችን ቦትስዋናን 2 ለ 1 አሸነፈ። ነገር ግን ሁለት ቢጫ ካርድ ስላለበት ማረፍ የነበረበት ተጫዋች ተሰልፎ ተገኘ። ሜዳ ላይ በላብ የተገኘው 3 ነጥብ በመዝገብ ጉድለት ሄደ። ቡድኑ እንደምንም ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ። ለዓለም ዋንጫ አንድ በር ሲቀረው ግን በናይጄሪያ ተሸነፈ።

ታዲያ ከዚህ ምን እንማራለን? አምና የታረሰ ማሳ ዘንድሮ ካልታረሰ አረም ያበቅላል። የ1954ቱ ዋንጫ ክብራችን ነው፤ ግን ለሌላው ዓመት ስንቅ አይሆንም። ድል በየዓመቱ ይታረሳል። ሥራውም በጉልበት ብቻ አይደለም፤ ጽፎ መያዝና የተጻፈውን ማንበብም ሥራ ነው። እኛም የብድራችንን፣ የእህላችንን፣ የማኅበራችንን ሒሳብ ጽፈን እንያዝ። ፊደል የቆጠርነው ለዚሁ አይደል?

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ቡድናችን ከ1954 ዓ.ም. በፊት በአፍሪካ ዋንጫ ስንት ግብ ገባበት?
2. በ1954ቱ ሁለት ጨዋታዎች ቡድናችን በጠቅላላ ስንት ግብ አገባ? ስንትስ ገባበት?
3. በ2005 ዓ.ም. 3 ነጥብ የጠፋው ለምንድን ነው?
4. በእናንተ ቀበሌ ሳይጻፍ በመቅረቱ የጠፋ ነገር አለ? ተወያዩበት።